ናሚቢያ የደረሰች «ና»

ከቤተሰብ ጋር ስጻጻፍ አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የምጽፈው። ስንፍና ነው፤ አልክድም። ከነጥብ በኋላ ክፍተት አለመተው ደግሞ ሁለተኛው አመሌ ነው። ሁለቱ አመሎች አንድ ቅዳሜ ማታ ተገናኙና ጉድ አፈሉ።

አክስቴ ሲመሽ ይጨነቃሉ። «ገባሁ.ቤት ነኝ» ብዬ ላክሁላቸው። ስልኩ «ገባሁ.ቤት» የምትለዋን ሰማያዊ ቀብቶ ከሥሯ አሰመረባት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ቁማር ጀመርክ?»

ለካ ስልክ አማርኛ አያነብም። ፊደል፣ ነጥብ፣ ፊደል ያለ ክፍተት ከተከታተሉለት መጨረሻዋን ቁራጭ ብቻ ያያል። ከሚያውቃቸው የድረ ገጽ መጨረሻዎች አንዷን ከመሰለችው፣ ሊንክ ናት ብሎ ይፈርዳል። «ቤት» ደግሞ በላቲን ቢ፣ ኢ፣ ቲ ናት፤ በእንግሊዝኛ ውርርድ፣ በኢንተርኔት ዓለም የአቋማሪዎች መጠሪያ። አክስቴ ይህን ከየት አወቁ? ሰፈራቸው ያለው ቤቲንግ ቤት በሩ ላይ ጽፎት የለ!

የድሮ መልእክቶቼን ባገላብጥ፣ ለካ ከሶፋዬ ሳልነሳ አገር ለአገር ስዞር ኖሬአለሁ። ወንድሜን «ደረስኩ.ና» ብዬ ጠርቼዋለሁ፤ «ና» የናሚቢያ ናት። ባለሁለት ፊደል መጨረሻዎች የአገሮች ድርሻ ናቸውና «የ» የመን ሄዳለች፣ «ከ» ኬንያ፣ «በ» ቤልጂየም። ለእኛ የደረሰችን ኢ እና ቲ ናት፤ በእሷ ዓረፍተ ነገር የሚጀምር አማርኛ እስካሁን አልገጠመኝም። «ነው» እንኳ አልተረፈችም። ኤን፣ ኢ፣ ደብልዩ ብለው ሲጽፏት ጉግል የሚያስተዳድራት መጨረሻ ናት። ስንት ዘመን ዓረፍተ ነገር ስንዘጋባት የኖርን ቃል!

«በገዛ ፊደልህ ብትጽፍ ምን አለበት?» አሉኝ አክስቴ። እውነታቸውን ነው። አራት ነጥብ ሊንክ ሆና አይቼ አላውቅም። የዚያኑ ሌሊት የአማርኛ ኪቦርድ ጫንኩ። እሑድ ጠዋት ፊደል በፊደል እየፈለግሁ፣ «አክስቴ፣ ከቅዳሴ ወጣሁ።» ብዬ አራት ነጥቤን በወጉ አስቀምጬ ላክሁ።

መልሳቸው ወዲያው መጣ። በላቲን ፊደል።

«ጎበዝ.ና ቡና ጠጣ»

«ጎበዝ.ና» ሰማያዊ ናት፤ ከሥሯም ተሰምሮባታል።