ለሦስት ሰዓት የማይደርስ ደመና

ደመና ማየት ሙያዬ ነበር። ወገራ ገበሬ ሳለሁ፣ ከሰሜን ተራሮች በኩል የሚቋጠረውን ጥቁር ደመና አይቼ በሬዎቼን ስፈታ ጎረቤት ሁሉ እኔን አይቶ ይፈታ ነበር። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። እሺ፣ አንድ ቀን። እሱም በረዶ ነው፤ በረዶ ደግሞ ለማንም ተናግሮ አይመጣም።

ይህን ሙያ ይዤ ነው እንግዲህ በረሃ ላይ የወደቅሁት። የመጣነው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሲጋዝ እኔም ከጭነቱ አንዱ ነበርሁ። በገበሬ ሒሳብ የሰኔ ደጃፍ ላይ ማለት ነው። መርካዝ ክሊታ የሚሉት የመጤዎች ማረፊያ እንዳስገቡን አልጋዬን ከመስኮቱ አራቅሁ፣ ውሽንፍር እንዳይመታኝ። ሰኔ ገባ፤ ብራ። ሐምሌ ገባ፤ ብራ። ነሐሴ ሲጋመስ አላስችል ብሎኝ የዕብራይስጥ አስተማሪያችንን በአስተርጓሚ «ዝናቡ ምን ነካው?» አልኋት። ሴትዮዋ እስክትንፈቀፈቅ ሳቀች። ለካ ከጥቅምት በፊት የለም! ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ይዘንባል፣ ከዚያ ይዘጋል። እኛ ስናጭድና ስንወቃ ያፈሰዋል፣ ስናርስ ያደርቀዋል። ሰማዩን ዘቅዝቀው ነው የሰቀሉት።

ልጆቼ ደግሞ ሖሬፍ የሚሉትን «ክረምት» ብለው ይተረጉሙልኛል። የሠርጉ ወር ጥር ክረምት ሆኖ አረፈው! «አያቴ፣ ክረምት ነው፣ ካፖርትህን ልበስ» ይለኛል አንድ ፍሬ ልጅ። ልበስ! ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፣ አልፈርድበትም። ክረምት ብሎ የሚጠራው ግን ዓመት ሙሉ ተጠራቅሞ 200 ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው፤ ጎንደር ላይ ሐምሌ አንዱ ብቻውን ይህን ይበልጣል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የበጋው ደመና ነው። በሐምሌ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በረንዳዬ ብወጣ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነው፤ የበረንዳው ብረት በጤዛ ርሷል። ዝቅ ያለ፣ ያረገዘ የሚመስል ደመና። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ባየሁ ቁጥር ልቤ ይደልቅ ነበር። ሁለት ሰዓት ሲሆን ይሳሳል። ሦስት ሰዓት ላይ ብጣሽ የለም። አቦል ሳይፈላ ጫማውን ፈልጎ እንደሚወጣ እንግዳ! ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የልጅ ልጄ አስረድቶኛል፦ ከሜዲትራንያን የሚነፍሰው እርጥብ አየር ሌሊት ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል፤ ከላዩ ግን ደረቅና ሞቃት አየር እንደ ክዳን ስለተጫነው ወደ ላይ አድጎ መዝነብ አይችልም፤ ፀሐይ ስትበረታ ይተናል። «ክዳን» አለኝ። የእናቴ ድስት ሲከደን ቶሎ ይፈላ ነበር እንጂ ሲጠፋ አላየሁም። እሱ ግን በፈተናው 95 አግኝቷል፤ ምን እላለሁ።

አቧራው ደግሞ ለብቻው ነው። አንድ መጋቢት ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በምዕራብ ጠቆር፣ ቡናማ ቡናማ አለ። «መጣ!» አልሁ። የሕንፃውን ሴቶች ልብስ አስገቡ ብዬ በየደጁ አንኳኳሁ፣ ባልዲ በረንዳ ላይ አስቀመጥሁ። መጣ በእርግጥ። ባልዲው ያጠራቀመው ግን አፈር ነው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤቶቼ ሲያገኙኝ ፈገግ ይላሉ። ልብሳቸው የተረፈው በማን እንደሆነ ግን የሚያነሣ የለም።

ነገሬ የሚገባው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ጤና ጣቢያው ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ የማገኘው የበደዊን ሽማግሌ። እሱ ዕብራይስጡን በዐረብኛ ይሰብረዋል፣ እኔ በአማርኛ፤ በስብርባሪው እንግባባለን። ሱሄል የሚሉት ኮከብ ጎሕ ሲቀድ በደቡብ ብቅ ካለ ሙቀቱ ይረግባል ይለኛል። የእሱም የልጅ ልጆች ኮከቡን የሚፈልጉት በስልክ ነው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰማይ ሰማይ ስናይ ነርሷ አንገታችንን ያመመን መስሏት ነበር።

ለነገሩ ማን ደመና ይፈልጋል? የቧንቧው ውሃ አብዛኛው የባሕር ውሃ ነው፣ ጨዉ ወጥቶለት። ቲማቲሙ እንኳ በቀጭን ቱቦ ሥሩ ላይ ጠብ ጠብ ይደረግለታል፤ በእጅ እንደሚያጎርሱት ሕፃን። ቀና ብሎ የሚያይ ጠፋ። ጎርፍ ሲመጣ ብቻ ሁሉም ይነቃል። የዚህ አካባቢ አፈር እንደ ዱቄት የላመ ስለሆነ የመጀመሪያው ዶፍ ሲመታው ፊቱ ይደፈናል፤ ውሃው ሳይሰርግ ይጋልባል። ከኬብሮን ተራሮች የወረደው ውሃ እኛ ዘንድ ጠብ ሳይል ደረቁን ወንዝ ሞልቶ ይደርሳል። ታዲያ ሰው ይሸሻል? መኪናውን አስነሥቶ ሊያየው ይሄዳል እንጂ! ልጆቹን በትከሻው ተሸክሞ ያጨበጭባል። በእኛ አገር ጎርፍ በሬ ይወስዳል፤ ያጨበጨበለት ሰው አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት ግን አንድ ነገር ሆነ። ማታ ላይ ከደቡብ መብረቅ ብልጭ አለ፣ ነጎድጓዱ እንደ ወገራው ሁሉ መስኮቱን አንቀጠቀጠ። ቴሌቪዥን ላይ የአየር ትንበያ ነጋሪው እርጥበቱ በቀይ ባሕር በኩል ከአፍሪካ የመጣ ነው አለ። ከወንበሬ ተነሣሁ። የአገሬ ልጅ! በፒጃማ በረንዳ ወጣሁ፤ ባለቤቴ «ሰውዬው፣ ግባ፣ ትመታለህ!» ትላለች። ሃያ ደቂቃ ዘነበ። የአፈሩ ሽታ መጣ፣ ያው የሰኔው ሽታ። እሱም ሄደ።

ባልዲው አሁንም በረንዳ ላይ ነው። ባለቤቴ ሽንኩርት ላድርግበት ብትል ከልክያታለሁ።