አዝማሪው በር

መካነ ሰላም ማለት የሰላም ስፍራ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ባላት ከተማ መኪናው ሁሉ በሩን ሲጢጥ እያሰኘ ሲገባና ሲወጣ መዋሉ፣ ሌላው ቢቀር ለስሙ ክብር ሲባል አንድ ሰው ሊያነሣው የሚገባ ጉዳይ ነበር። ከደሴ ተነሥቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደዚህችው የወሎ ቦረና ከተማ የሚጓዝ ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። የሞተሩ ጩኸት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይረሳል፤ ከወንበር ሥር የታሰረችው ዶሮም ተስፋ ቆርጣ ዝም ትላለች፤ በሩ ግን ዝም አይልም። ክፋቱ ደግሞ ሳያቋርጥ አለመጮሁ ነው። ሲጢጥ ይላል፣ ያቆማል፣ አሁንስ ተወው ብላችሁ ዓይናችሁን ስትከድኑ እንደገና ሲጢጥ። ረዳቱ በቡጢ ይነርተዋል፤ አንዱ ተሳፋሪ ካርቶን አጥፎ ይሸጉጥበታል፤ ሾፌሩ ደግሞ "አብሽሩ፣ ለምዶበት ነው" ይላል። ለምዶበት ነው! ሰው ጫት ይለምዳል፣ ቡና ይለምዳል፤ በር ምን ቤት ነው? ከዚህ ጣጣ ነፃ የሆነችው ባጃጅ ብቻ ናት፤ እሷም በር ስለሌላት ነው።

እዚህ የሚቀርበው ክርክር አንድ ነው፤ የማጠፊያው ብረት ንጹሕ ነው። የሚጮኸው በበሩ ዙሪያ የተለጠፈው ጎማ ነው፤ እሱም ቢሆን ደርቆ፣ ጠምቶት። ማጠፊያ የሚጮኸው ሲታጠፍ ነው፤ ማለትም በር ሲከፈትና ሲዘጋ። በሩ ተቆልፎ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ማጠፊያው ምን ያህል ይታጠፋል? ምንም። ያን ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው፤ የመኪናው አካል ኮረኮንቹ ላይ በጥቂቱ ይጠማዘዛል፣ በሩ ካረፈበት ቦታ በጣም በትንሹ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ጎማውም ቀለም የተቀባውን ብረት ይፈትገዋል። ያላመነ ሰው በጎማውና በብረቱ መካከል ፌስታል አስገብቶ በሩን ይዝጋና እስከሚቀጥለው ጉድጓድ ይንዳ፤ ጉድጓዱ ሩቅ አይሆንበትም። ፌስታሉ ካረፈበት በኩል ድምፁ ከጠፋ ፍርዱ ተሰጠ ማለት ነው። ከፌስታል የሚቀለው ምስክር ደግሞ ዝናብ ነው። ሐምሌ ላይ ጎማው ሲርስ ጸጥ ብሎ ከርሞ ጥር ላይ የሚያላዝን በር፣ በመሀል ማጠፊያውን አልቀየረም። ይህ ሁሉ እያለ ጋራዥ ሲደረስ መጀመሪያ ዘይት የሚጠጣው ማጠፊያው ነው። ያልታመመው መርፌ ይወጋል፣ የታመመው ቆሞ ያያል።

አሁን ወደ ማሲንቆ እንሂድ። ከመኪናው አልራቅንም፤ ጥቂት ታገሡ። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የሚጠሩት በወሎ ቦታዎች ስም ነው፤ ስለዚህ በዚህ አገር ስለ ሲጢጥታ እያወሩ ማሲንቆን ሳያነሡ ማለፍ ነውር ነው። ማሲንቆ አንድ ክር አላት፤ ክሩም የፈረስ ጭራ፣ ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ ባዶውን ሲሄድ ይንሸራተታል እንጂ አይዘፍንም። አዝማሪው ሙጫ ወይም ዕጣን ካልፈተገበት ማሲንቆዋ አፍ የላትም። የሙጫው ሥራ ማስያዝ ነው፤ ደጋኑ ክሩን ይዞ ይጎትታል፣ ክሩ ሲወጠር ያመልጣል፣ እንደገና ይያዛል፣ እንደገና ያመልጣል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶ ለሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ጆሮ ዜማ ይለዋል። የደረቀ ጎማም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ቀለሙን ይይዛል፣ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ይለቃል። ልዩነታቸው አዝማሪው የት ማቆም እንዳለበት ማወቁ ነው። ታዲያ በሩ የሚያዜመው በየትኛው ቅኝት ነው? አምባሰል እንዳንለው ቅኝት አምስት ድምፅ ይፈልጋል፤ በሩ ያለው ቢበዛ አንድ ተኩል ነው። ትዝታ ነው የሚል ቢመጣ ግን ለመከራከር ያስቸግራል፤ ጎማው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ልስላሴ እያስታወሰ ሊሆን ይችላላ። አዝማሪ ሲያስደስት ግንባሩ ላይ ብር ይለጠፍለታል። የመኪናው ግንባር ላይ የሚለጠፈው ግን ቦሎ ብቻ ነው፤ ለዜማው ያሰበለት የለም።

የደጋው ጎማ ከሌላው ይልቅ የሚጠማበት ምክንያት አለው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ናት፤ የለጋምቦ ጋራ ከዚያም ይበልጣል። ከፍታ 1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ጎማን ከሚያደርቁት አንዱ እሱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲያድር ደግሞ ጎማው ይጠነክራል፤ ማለዳ የሚያለቅስ በር ቀትር ላይ ለስለስ የሚለው ለዚህ ነው። ያው መኪና ወደ ጉንደወይን ለመሻገር ዓባይ በረሃ ከወረደ ውርጩንም ቃጠሎውንም በአንድ ቀን ይቀምሳል። የጥንቱ ጎማ እንኳን ይህን ሊችል በብርድ ድንጋይ፣ በሙቀት ማር ይሆን ነበር፤ አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ከድኝ ጋር አብስሎ አደብ አስገዛው። አደብ ያስገዛው ግን ለዘላለም አይደለም።

"መንገዱ ነው እንጂ ጎማው ምን አደረገ" የሚሉ አሉ። መንገዱ ይነቀንቃል፤ ማን ካደ? ግን መንገዱ ደጋን ነው፤ ሙጫው ያለው ጎማው ላይ ነው። ደጋኑን ማስተካከል የመንግሥት ነው፤ ሙጫውን መጥረግ ግን በጀት አይጠይቅም። "መኪናው አርጅቶ ነው" የሚሉም አሉ። ጎማው ከተሰነጣጠቀ ይቀየር፤ ካልሆነ ግን ያረጀ ሁሉ ያቃስታል የሚል ሕግ የለም። ከሁሉ የሚጥመው ተቃውሞ "ዘይት ቀብተነው ነበር፤ ሁለት ቀን ዝም ብሎ ባሰበት" የሚለው ነው፤ በራሱ ላይ የሚመሰክር ተቃዋሚ በቀላሉ አይገኝም። የበር ጎማ በአብዛኛው የሚሠራው ኢፒዲኤም ከሚባለው ዓይነት ነው። ይህ ጎማ ፀሐይና ውኃ ለረጅም ጊዜ ይችላል፤ ከነዳጅ የወጣ ቅባት ግን አይችልም። ይጠጣዋል፣ ያብጣል፣ ይላላል፤ ላዩ ላይ የቀረው ዘይት ደግሞ የመንገዱን አቧራ ሰብስቦ ሊጥ ያደርገዋል። ናፍጣ፣ የሞተር ዘይት፣ ግራሶ፣ ቫዝሊን ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መካኒኩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ፍሬን ዘይት ውስጥ አንዲት ጠብታ የሞተር ዘይት ብትገባ ጋራዡ በጩኸት ይቀወጣል፤ የፍሬኑ የጎማ ማሸጊያ፣ ጎሚኒው፣ ያብጣላ! የፍሬኑን ጎሚኒ የሚያሳብጥ ዘይት የበሩ ጎማ ላይ ሲደርስ በምን ተአምር መድኃኒት ይሆናል? መድኃኒቱ የትም ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከቫዝሊኑ አጠገብ የተቀመጠው ግሊሰሪን ነው። ጎማውን በሳሙና ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት። ዝናብ ያጥበዋል ይባላል፤ አዎ፣ ያጥበዋል። ፊታችንም በየማለዳው ይታጠባል፤ በዚህ ምክንያት ቅባት የተወ ሰው አልተሰማም።

የሚያናድደው ቁጣው የሚያርፍበት ቦታ ነው። ተሳፋሪው በሩን ቀስ አድርጎ ሲዘጋ "አልተዘጋም፣ ድገመው!" ይባላል። ሲደግመው "ቀስ! የቤትህ በር መሰለህ?" ይባላል። ጎማው ጠንክሮ በሩን እንደሚገፋ እያወቀ፣ ሾፌሩ ተሳፋሪውን መቆጣት ይቀለዋል። ይህ ጎማን የመርሳት ነገር በመኪና ቢያበቃ ባልከፋ። ሲጢጥ የማይል ጎማም አለ። በገጠሩ በየቦታው የተተከለው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ውኃ የሚስበው ከውስጡ ባለች ከመዳፍ በማትበልጥ የጎማ ቀለበት ነው። እሷ ስታልቅ እጀታው ይወጣል ይወርዳል፤ ውኃ ግን የለም። ፓምፑ ከመነሻው የተሠራው የመንደሩ ሰው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ ነው፤ ቀለበቷም በየዓመቱ እንድትቀየር ይመከራል። ፓምፑ ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል፣ ጭብጨባ ተጨብጭቧል፤ ቀለበት ለመቀየር የሚቆረጥ ሪባን ግን የለም። ስለዚህ አንዲት ቀለበት የሚያመጣ ይጠፋና እናት ጀሪካን አዝላ ገደሉን ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ ፓምፑ ደግሞ አጥሩ ውስጥ ተከብሮ ቆሞ ይቀራል። "ሳይቃጠል በቅጠል" የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን። ታዲያ ቅጠሉን ማን ያምጣልን?

በሩስ ቢያንስ ይናገራል። ደግሞም ወሎዬ ተሳፋሪ ጨዋ ነው፤ በሲጢጥታው መሀል ጨዋታውን ይቀጥላል፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያደርግና ያልፋል። በሩን ዝም ማሰኘት ለሚፈልግ ግን ከግሊሰሪን የሚረዝም ዕድሜ ያለው የሲሊኮን ቅባት ነው፤ ግን ስትገዙ ተጠንቀቁ። "ሲሊኮን ስጠኝ" ያለ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማጣበቂያው ነው፤ እሱን የተቀባ በር እርግጥ አይጮኽም፤ ግን አይከፈትምም። የሚኒባሱ ተንሸራታች በር ደግሞ ሌላ ፍጥረት ነው፤ ከጎማው በተጨማሪ ሐዲድና ኩሽኔታ አለው፣ ኩሽኔታው ደግሞ ግራሶ ይወዳል። ጎማውንና ኩሽኔታውን በአንድ ጨርቅ እንዳትቀቡ።