የድሮ ቫልቭ አምፕሊፋየር እቤታቸው ሊያድሱ ለቆረጡ የላፍቶ ነዋሪዎች

ከቆረጡ አልከለክልዎትም። ጀሞም ይኑሩ ለቡ፣ ቆራሌው አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር በጋሪ እየገፋ በደጅዎ ሲያልፍ ሰፈሩ ሁሉ ብረት ያያል፤ እርስዎ ብቻ ከኋላው የተደረደሩትን የመስታወት ቫልቮች ያያሉ። ዋጋ ሲጠይቁ ታዲያ ፊትዎን ያጨፍግጉ። በብረት ኪሎ የገዛውን በናፍቆትዎ ኪሎ መሸጥ ያውቅበታል።

ባለቤትዎ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲሉዎት ታሪክ ይንገሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሃ እሸቴ ሸክላ ሲያሳትም፣ በ1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ፣ የከተማው ባንዶች ሌሊቱን ያነጉት እንደነበር ያውሱ። ኋላ የደርግ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን ቆለፈው፤ ቆይቶም ኪቦርድ መጣና የአንድ ባንድ እንጀራ ብቻውን በላ። ታሪኩ ረጅም ስለሆነ ዋጋው ሳይነሳ ይመሻል።

አሁን ወደ መብራት እንምጣ፤ በላፍቶ የዚህ ሥራ ግማሹ የመብራት ጉዳይ ነው። የጀርባውን ጽሑፍ ያንብቡ። 117 ቮልት ካለ ዕቃው ለአሜሪካ የተሠራ ነው፤ በእኛ 220 ላይ በቀጥታ ከሰኩት የሚወጣው ጭስ እንጂ ዜማ አይደለም። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር መርካቶ ይገኛል። ሻጩ ስንት ዋት እንደሚጎትት ከጠየቀዎት ይመኑት። «ምንም አይሆንም!» ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።

ሃምሳ ዓመት የተኛ ዕቃ በአንድ ጊዜ አይቀሰቀስም። በግድግዳው ሶኬትና በትራንስፎርመሩ መካከል ባለ 100 ዋት አምፖል በተከታታይ ያስገቡ፤ ስፒከሩ ሳይገናኝም አያብሩ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ግን ውስጥ ሾርት አለ፣ ቶሎ ይንቀሉ። ለዚህ የሚያገለግለው የድሮው ቢጫ አምፖል ነው፤ ኤልኢዲ አይሆንም። ስለዚህ እናትዎ በረንዳ ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ቢጫ አምፖል በትሕትና ይለምኑ።

ሊከፍቱት ሲሉ ከሶኬት መንቀል ብቻውን አይበቃም። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ተነቅሎም ይገድላል። በደንብ በተሸፈነ ሽቦ በታሰረ ሬዚስተር ያራግፏቸው፣ ከዚያም በቴስተር ለክተው ባዶ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ግራ እጅዎን ኪስዎ ይክተቱ፤ ኤሌክትሪኩ ከእጅ ወደ እጅ በደረትዎ በኩል እንዳያልፍ ነው። ሽማግሌ ፊት እጅን ኪስ መክተት ነውር ነው፤ ካፓሲተር ፊት ግን አይደለም። የእድር መዋጮ ውዝፍ ካለብዎም ከመጀመርዎ በፊት ይክፈሉ።

ባለ ሁለት ሽቦውን አሮጌ ገመድ በባለ ሦስት ይለውጡ። አንዳንድ ቤት የሶኬቱ ሦስተኛ መስመር ለጌጥ የገባ ስለሆነ ከምድር ጋር መገናኘቱን ኤሌክትሪሺያን ይይልዎት። ይህን የናቀ ዘፋኝ አንድ እጁ ክሩ ላይ እንዳለ ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ያልታሰበ ከፍተኛ ድምፅ ያወጣል።

ካፓሲተሮቹን መለወጥ አይቀርም፤ ውስጣቸው በዕድሜ ደርቋል። ቫልቮቹን ግን ለመጣል አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ከባለቤታቸው ይልቅ ጤነኛ ናቸው። ከሞቱም ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ዛሬም አዲስ ይሠራሉ። ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድዎ የጠየቁት አይፎን ባለመሆኑ ደስ ብሎት በካልሲ ጠቅልሎ ያመጣልዎታል።

ጊታር አልችልም ብለው አያፍሩ። የጊታርና የአምፕሊፋየር ሠሪው ሊዮ ፌንደር ራሱ የሬዲዮ ጠጋኝ እንጂ ጊታር ተጫዋች አልነበረም።

ለሙከራው ቅዳሜ ረፋድ ይሻላል። ባለ 30 ዋት ቫልቭ አምፕሊፋየር ለኮንዶሚኒየም ብሎክ በሙሉ ይተርፋል፤ ስለዚህ የላዩንም የታቹንም ጎረቤት አስቀድመው ቡና ይጥሩ። ቅኝቱ ትዝታ ይሁን። ሊቆጣ የመጣ ጎረቤት ትዝታ ሲሰማ ነገሩ ይጠፋበታል።

በመሐል መብራት ከሄደ ማብሪያውን አጥፍተው ገመዱንም ይንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ 220 ላይሆን ይችላል።