ቀዩ ሲበራ ማን ይደውላል?

«የተማሪው መረጃ ከተሰበሰበ ማንም አይወድቅም» አልከኝ። ወንድሜ፣ ቴርሞሜትር ትኩሳት አውርዶ ያውቃል?

«ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲን እይ» አልክ። አይቻለሁ፤ አንተ ነህ ግማሹን አይተህ የሮጥከው! ይህ የአትላንታ ዩኒቨርሲቲ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተማሪ ሊያቋርጥ እንደሚችል የሚጠቁሙ ከ800 በላይ የአደጋ ምልክቶችን በሶፍትዌር በየቀኑ ይፈትሻል። ግን 42 የትምህርት አማካሪዎችንም ጨምሮ ቀጥሯል። ምልክት ሲመጣ ተማሪዋን ጠርቶ «ምን ገጠመሽ? ይህን ኮርስ ለምን መረጥሽ?» የሚል ሰው አለ። ጥቂት መቶ ዶላር ጎድሏት ከምዝገባ ልትሰረዝ ስትል ጉድለቱን የሚሸፍን ድጎማም አለ። አንተ ሶፍትዌሩን ገዝተህ አማካሪውን ልትዘለው ነው።

«ፐርዱ ዩኒቨርሲቲስ? ተማሪው በኮርሱ ያለበትን አደጋ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ መብራት እያሳየ ስንቱን አቆየ!» አልክ። ሁለትና ከዚያ በላይ ኮርስ በመብራቱ የተማሩት እምብዛም አላቋረጡም ተብሎ ነበር፤ እውነት ነው። በ2013 ግን ጠያቂ ተነሣ፦ ሳያቋርጥ የቆየ ተማሪ ብዙ ኮርስ ይወስዳል፤ ብዙ ኮርስ የወሰደም መብራቱን ደጋግሞ ያገኘዋል። ታዲያ ማን ማንን አቆየ? መብራቱ አንድ ክፍል ውስጥ ለመምህሩ ጠቅሞ ይሆናል፤ ከዚያ ተነሥተህ ስለ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ አትማልልኝ።

«ባይጠቅም አይጎዳ» ስትል ግን አልታገሥህም። ሜሪላንድ ውስጥ ማውንት ሴንት ሜሪስ የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ። በ2015 አዲስ ገቢዎቹን መጠይቅ አስሞላ፤ ስለ ድብርት ሳይቀር ጠየቃቸው፤ «የተሳሳተ መልስ የለም» ብሎም አደፋፈራቸው። ልጆቹ ሊረዱን ነው ብለው የልባቸውን ጻፉ። የፕሬዚዳንቱ የሳይመን ኒውማን ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፦ ይቸገራሉ የተባሉት ተለይተው ከ20 እስከ 25 ያህሉ የተመዝጋቢዎች ቆጠራ ሳይዘጋ እንዲወጡ። ያልተቆጠረ ተማሪ አቋረጠ አይባልማ! መቶኛው ያምራል፤ ልጁ ሻንጣውን ይሸክማል። የተማሪዎቹ ጋዜጣ በጥር 2016 አወጣው፤ ሰውየውም በየካቲት መጨረሻ ሥልጣን ለቀቁ። ያ ጋዜጣ ባይኖርስ?

«እና አንሰብስብ ነው የምትለው?» አልከኝ። ሰብስብ! ግን የሶፍትዌሩን ጨረታ ከማውጣትህ በፊት አንድ ወረቀት አምጣ። ቀዩ ሲበራ ለተማሪው የሚደውለውን ሰው ስም ጻፍበት። ልጁ ስለራሱ የተመዘገበውን የሚያይበትን ቦታና «ይህ ስህተት ነው» ብሎ የሚያሳርምበትን ቢሮም ጻፍ። ከዚያ እኔም እፈርምልሃለሁ።