የስልክ ባትሪ ማወፈሪያ አዋጅ

ነጋሪቱ ተጎስሟል፤ ያልሰማ ይስማ፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማ!

ስልክ ጠዋት መቶ ሞልቶ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ ቀይ የሚያበራ በመሆኑ፤ ባለቤቱም ካፌ ሲገባ ከማኪያቶው አስቀድሞ ሶኬት የሚፈልግ ሆኖ በመገኘቱ፤ መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የባትሪ ማወፈሪያ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅሙን ርዕስ አንብቦ ለመጨረስ የሚበቃ ቻርጅ ያለው ሰው አልተገኘም።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር “ቀን” ማለት ከቁርስ እስከ መኝታ ያለው ጊዜ ነው። “ስስ” ማለት ደግሞ አምራቹ ካሜራውን ሳይቆጥር የለካው ውፍረት ነው።

አንቀጽ 3። የምስክር ቃል

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ኖኪያ 3310 በ900 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ ቀናትን ይሻገር ነበር። የዛሬው ስልክ አምስት እጥፍ ተሸክሞ አንድ ቀን መዋል ያቅተዋል። መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብለት ግን ምስክሩ ትልቅ ስክሪንም፣ ጂፒኤስም፣ ቪዲዮም እንዳልነበረው አምኗል። ስለዚህ ቃሉ ተመዝግቦ በክብር ተሰናብቷል።

አንቀጽ 4። ክስ

እ.ኤ.አ. በ2014 አይፎን 6 እስከ 6.9 ሚሊ ሜትር ሲሳሳ ካሜራው ከጀርባው አብጦ ወጣ። በዓመቱ አፕል ለዚሁ ስልክ ባትሪ የተቀበረበት፣ ጀርባው የጎበጠ ሽፋን ለገበያ አቀረበ። በ2025 አይፎን ኤር ወደ 5.6 ሚሊ ሜትር ሲወርድም ጀርባው ላይ የሚለጠፍ ባትሪ ለብቻው መሸጥ ጀመረ። በፊት በር የተባረረው ውፍረት ዋጋ ተለጥፎበት በጓሮ ተመለሰ።

አንቀጽ 5። ልክ

አዋጁ ሰውን ጡብ አያሸክምም። እ.ኤ.አ. በ2019 ባርሴሎና ላይ በኤነርጃይዘር ስም የታየው ባለ 18,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ስልክ ውፍረቱም 18 ሚሊ ሜትር ነበር። ለማምረቻው 1.2 ሚሊዮን ዶላር ከሕዝብ ሲጠየቅ የተዋጣው 2 በመቶ እንኳ አልሞላም። ባትሪ ይጨመርልን ብሎ የጮኸው ሁሉ ኪሱ ሲጠየቅ ድምፁ ጠፋ።

ስለሆነም የሚፈቀደው ጭማሪ የካሜራው እብጠት ከደረሰበት አያልፍም። ጀርባው ይደልደል፤ ክፍተቱ በባትሪ ይሞላ። ስልኩም ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ መወዛወዙን ያቁም።

አንቀጽ 6። የተከለከለ ማመካኛ

“ቦታ የለም” ማለት ክልክል ነው። ሲሊከንና ካርቦን የተቀላቀለበት አዲሱ ባትሪ በዚያው ስፋት ከተለመደው የግራፋይት ባትሪ የበለጠ ኃይል ይይዛል። በ2025 ቻይና ውስጥ የወጣው ኦነር ፓወር ከ8 ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ገላ 8,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይዟል።

አንቀጽ 7። የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

አዋጁ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። ሆኖም ፓወር ባንክ ተሸካሚዎች አዲሱ ስልክ እጃቸው እስኪገባ ገመዳቸውን ከቦርሳ እንዳያወጡ ታዘዋል። ካፌ ውስጥ ከሶኬቱ አጠገብ ያለችውን ወንበር ቀድሞ የያዘ ደንበኛም በነባር ይዞታ ደንብ ይስተናገዳል።