አስፋልት አይበላም ያልከው ሰውዬ

«አስፋልት አይበላም!» አለ አጅሬ፣ ቃሊቲ ቁጭ ብሎ የቲማቲም ፍርፍሩን እየጎረሰ። ስሙልኝማ! ቲማቲሙ በምን መጣ? በእግሩ? የኔ ወንድም፣ አስፋልት አይበላም፤ ያበላል። መጀመሪያ ዋጥ አድርግ፣ ከዚያ ትናገራለህ።

ሳህንህን ልመርምርልህ። ቲማቲምና ሽንኩርቱ ከመቂና ከባቱ። ጤፉ ከአድአ። ዘይቱ በጅቡቲ በኩል። ሁሉም አዲስ አበባ የገቡት በአቃቂ በር ነው። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚመላለሰው በጅቡቲ ነው። ተሳቢው መንገድ ተዘግቶበት ሞጆ ቢያድር የአዳሩን ሒሳብ ማን ይከፍላል? አንተ! በዘይት ዋጋ ላይ ተደምሮ። ቲማቲምማ መንገድ ላይ ከቆየ ድልህ ሆኖ ነው የሚደርስልህ።

«ቃሊቲ ድሮም የሚታወቀው በእስር ነው፤ ከዚያ ምን ልማት ይጠበቃል?» አለ ደግሞ። እንዴታ፣ እዚህማ ይታሰራል! ጭነት ይታሰራል፣ ጭነት ይፈታል። እዚህ የሚፈታው ጭነት ነው መርካቶን ሱቅ የሚያስከፍተው። የወዛደሩ ጉልበት፣ የጎሚስታው ጋራዥ፣ የሻይ ቤቷ እናት ጀበና፣ ሁሉም የሚንቀሳቀሰው በዚሁ እስርና ፍቺ ነው። እስካሁን አልፈታም ያለው ያንተ ሐሳብ ብቻ ነው። ጉምሩክም አያውቀውም።

አሁን ማርሽ ቀየረ። «የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ለሀብታም ነው፤ ይከፈልበታል!» አለ። ይከፈላል እንጂ! መሀል ለመሀል ተከፍሎ ነው ሰው የተረፈበት። ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሦስት መስመር ወዲያ፣ ሦስት መስመር ወዲህ። አሮጌው መንገድ ግን አንዱ ወጪ፣ አንዱ ወራጅ ነበር። ሚኒባሱ ጋሪውን ልቅደም ብሎ ሲወጣ ተሳቢው ፊት ለፊት ይመጣል። ግንባር ለግንባር! አሮጌው መንገድ አልተከፈለም፤ ክፍያው በነፍስ ነበር። አንተ ስለ ብሩ ትጮሃለህ፤ በዚያ መስመር ዘመድ የቀበረ ሰው ብሩን ቆጥሮ ይሰጣል። የአውቶቡሱንም ክፍያ ተሳፋሪው ሁሉ ይካፈለዋል። ነፃ ከሆነ የምትፈልገው፣ አሮጌው መንገድ በገላን፣ በዱከም አድርጎ ዛሬም አለልህ። ጥድፊያ ያለበት ሁሉ ወደ አዲሱ ስለዞረ ጋሪውም፣ ባጃጁም ትንፋሽ አግኝቷል።

«ባጃጅ አይገባ፣ እግረኛ አይገባ፣ ጋሪ አይገባ፣ አህያ አይገባ! ይህ መንገድ ነው?» አለና ተቆጣ። አህያ አይገባም ሲባል አንተን ምን አስቆጣህ?

ሰዉ ሲስቅበት ወደ ቻይና ሸሸ። «ቻይና የሠራው መንገድ የኛ አይደለም!» የሠራው የቻይና ኮንትራክተር ነው፣ እውነት ነው። ከወጪው 57 በመቶውም ከቻይናው ኤክዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው፤ ቀሪው የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። ስማ እንግዲህ፣ ብድር ማለት ስጦታ አይደለም። የምንመልሰው እኔና አንተ፣ ልጆችህም ጭምር ነን። ዕዳው የኔ ነው ብሎ መንገዱ የሌላ ነው የሚል ሰው የት አለ? የከፈልክበትን ንብረት አሳልፈህ አትስጥ፤ ይልቅ ኮንቴይነሩ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲደርስ፣ ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ እንዳያጣ፣ የጫነው ምርት መርከብ እንዳያመልጠው ተከታተል። ዕዳ የሚከፈለው መኪና ሲሮጥ ነው፤ አፍ ሲሮጥ ማንም አይቀበልህም።

መውጫ ሲያጣ ግን አንድ ቁም ነገር ተናገረ፤ በምን አፉ እንዳመለጠችው እንጃ። «ገበሬውስ?» አለ።

እዚህ ላይ ሁላችሁም ዝም በሉ፣ ይህን እኔም እጠይቃለሁ። ግንባታው በ2002 ሲጀመር በሥራ ላይ የነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነው። መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የዓመት አማካይ ገቢውን 10 እጥፍ ካሳ ይሰጠው ነበር። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አድርጎታል። ጥሩ ነው፤ ግን በ16ኛው ዓመትም ይራባል። አባትና አያቱ ያረሱት መሬት ዘንድሮም፣ ከርሞም ያበቅል ነበር። ገንዘቡ ግን አንዴ እጁ ከገባ ሠርግ አለ፣ ዘመድ አለ፣ «ላትርፍልህ» የሚል ደላላ አለ። እርሻ እንጂ ንግድ ያላስተማሩትን ሰው ብር አሸክሞ ሂድ ማለት ማቋቋም አይደለም። የመንገዱ ዳር መሬት ዋጋው ሲሰቀል የሚያተርፈው ሌላ፣ የለቀቀው ሌላ!

የዚህ ጥፋት ግን የአስፋልቱ አይደለም። አስፋልት ካሳ አይተምንም፤ የሚተምነው ሰው ነው። ለሰው ደግሞ ይነገረዋል። ከሞጆ ወደ ሐዋሳ የሚወርደው የፍጥነት መንገድ በየእርሻው መሀል ያልፋል፤ ከሱም በኋላ ሌላ ይመጣል። ቀያሹ ካስማውን ሳይተክል ገበሬው ቁጭ ብሎ ይወያይ። ካሳው ማረሻው ከመነቀሉ በፊት እጁ ይግባ። ከመውጫና መግቢያው አጠገብ የመነገጃ ቦታ ለሱ ይሰጠው። ልጁ በመጋዘኑና በክፍያ ጣቢያው ቅድሚያ ይቀጠር።

አጅሬ፣ ከልብህ ለገበሬው ካዘንክ ይህን ጻፍና ፈርምበት፤ እኔም ከሥርህ እፈርማለሁ። ሰኞ ጠዋት ይዘነው ክፍለ ከተማ እንሂድ።