ተቀበል፣ ሐኪም!

«ሕዝብ ጤናውን ከሐኪም ይማር እንጂ ከተዋናይ ምን ይጠብቃል?» ይሉኛል አንድ ጋሼ። ሐኪሙማ ይናገር! ግን እሱ ሲናገር ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል፣ እሺ ይላል፣ ቤቱ ገብቶ የለመደውን ይሠራል። ገበያ መሃል በሚሠራ የጤና ቲያትር ላይ ግን ሰው ይመልሳል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

«ፊት ታጠቡ ለማለት ቲያትር? ድምፅ ማጉያ አይበቃም?» በ1998 ዓ.ም. ገደማ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው 100 ልጆች ከ60 የሚበልጡት ፊት በመታጠብ የሚከላከሉት የዓይን በሽታ፣ ትራኮማ፣ ነበረባቸው። እናቶቻቸው ውሃ እድፍ እንደሚያስለቅቅ ጠፍቷቸው ነው? ኧረ በሉ! ጎንደር ውስጥ፣ ዳባት ወይ ደባርቅ ላይ ጀሪካን አዝላ ዳገት የወጣች ሴት ውሃውን ለሊጥ፣ ለወጥ፣ ለጥጃው ስታብቃቃ ለፊት የሚተርፍ አይታያትም። ድምፅ ማጉያው «ታጠቡ» ብሎ ያልፋል። ቲያትሩ ግን ጀሪካኑን ገበያ መሃል ያስቀምጠዋል፤ ተዋናይዋ አንድ ጣሳ ቀድታ፣ ጠብ ጠብ እያደረገች የተመልካቹን ልጆች ፊት ታጥባለች፤ ሕዝቡ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አንድ ጣሳ ስንት ልጅ እንዳዳረሰ በዓይኑ ያየን ሰው ማን ይከራከረዋል? ይህ ሳይንስ ካልሆነ ሳይንስ ምንድን ነው?

«በበሽታ ይሳቃል እንዴ?» በበሽታው ማን ሳቀ? በትራኮማ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኗን የሚቧጭራት እናት፣ ወረንጦዋን ከመቀነቷ ፈታ ጓዳ ገብታ ትነቅላለች፤ ተመልሶ እንደ እሾህ ይበቅላል። ይህችን ሴት መድረክ ላይ ያየች ሌላዋ «ወይኔ፣ የኔው ጉድ!» ብላ ስትስቅ፣ ያፈረችበት ነገር አደባባይ ወጣ። ስለ ቀዶ ሕክምናው ቀጥላ የምትጠይቀውን አብራ የመጣችው ነርስ እዚያው ትመልስላት። «ምላጩ ዓይኔን ይነካዋል?» «አይነካም እትዬ፤ ቆቡን ነው ወደ ውጭ የምንመልሰው፣ ብሌኑ ጋ አንደርስም።»

«ይሄ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው።» በጎንደር? «ተቀበል!» ብሎ ለአዝማሪ ግጥም የሚሰጠው ታዳሚው አይደለም እንዴ? ከውጭ የመጣብንስ ተመልካቹን ወንበር ላይ ደርድሮ ዝም ማሰኘት ነው።

«አንድ ቀን ታይቶ የሚበተን ነገር ምን ይለውጣል?» አንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ እውነትዎን ነው፣ አይለውጥም። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የተሠራው የሬዲዮ ድራማ «የቀን ቅኝት» ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. 257 ክፍል ሄዷል፤ በሺዎች የሚቆጠር የአድማጭ ደብዳቤ ጎርፎለታል። ሰው አፉን የሚፈታው ሲቆዩለት ነው።

«ሐኪም ገበያ መሃል ክብሩን ያጣል።» የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የደንቢያ ወባ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነው፤ የጤና መኮንኑንም፣ ነርሷንም፣ የሳኒቴሽን ባለሙያውንም ያሠለጠነው መንደር ወርደው እንዲሠሩ ነበር። ክብሩ እዚያው ነው ያለው፣ ጋሼ።

«ተመልካቹ ‹ምንጫችን ደርቋል› ቢልስ?» ያን ጊዜ «ታጠቡ» ብሎ መቀጠል ነውር ነው። ያኔ ተቀባዮቹ ሐኪሙና የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ናቸው፤ ደብተር ያውጡ፣ ምንጩ መቼ እንደሚጎለብት እዚያው ሕዝብ ፊት ቆመው ይናገሩ።